ሲሊንደሩ ላይ ተቀምጬ አምቦ ደርሼ መጣሁ

የሰፈሬ ጡረተኞች «አምቦ ደግሞ ምን አለና ነው? ጠዋት ሄደህ ማታ የምትመለስበት አገር ጉዞ ይባላል?» እያሉ ሲስቁብኝ ሰነበቱ። እውነታቸውን ነው፤ ከኮልፌ ለተነሣ ሰው አምቦ አፍንጫ ሥር ነው። እኔ የሄድኩበትን አሄዳድ ግን አንዳቸውም አልሄዱትም፤ እንደ ፍርሃታቸው ከሆነ ወደፊትም አይሄዱትም። ስለዚህ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ያለውን እንዳለ ልጽፍላቸው ተቀመጥኩ። ማጋነን እወዳለሁ፣ አልዋሽም፤ እዚህ ላይ ግን ማጋነን አላስፈለገኝም።

የጠራኝ የእህቴ ልጅ ደረጀ ነው። አምቦ ተወልዶ ያደገ፣ ከአዲስ አበባ አምቦ ሚኒባስ የሚነዳ፣ ምላሱ ከመኪናው የሚፈጥን ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ጡረታ ወጥተህ ቤት ከምትታፈን ና ልውሰድህ፤ አራት ቀን ታርፋለህ» አለኝ በስልክ። ደስ አለኝ። «ክራባትህን አድርገህ ና» ሲል ግን ግራ ገባኝ። «አምቦ ለመሄድ ክራባት?» ብዬ ብጠይቀው «አድርግ ብዬሃለሁ እኮ!» ብሎ ዘጋው።

ማክሰኞ

በጠዋት ደጃፌ መጥቶ ጥሩንባውን ነፋ። ክራባቴን አስሬ፣ ሽርጥና ፎጣዬን በቦርሳ ይዤ ወጣሁ። ፊት ወንበር ላይ ልወጣ ስል «አይ አይ፣ አንተ ኋላ ነህ። ሰፊ ነው፣ ይመችሃል» ብሎ እየደገፈ የመጨረሻው ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። አክብሮ መሰለኝ።

ከከተማው መውጫ ላይ አንድ ቅጥር ግቢ ገብተን ቆምን። ቤንዚን ማደያ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ ጋዝ መሙያ ነው። ሠራተኛው ወፍራም ቱቦ ይዞ መጥቶ ከኔ ወንበር በታች ካለ ትልቅ ሲሊንደር ጋር አገናኘው። «ሽሽሽ» ሲል ቂጤ ሥር ይሰማኛል። እንግዲህ እዩት! ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ኦጋዴንን እየሣልኩ «እዚህ ጋ የተፈጥሮ ጋዝ አለን» ስል፣ ልጆቹ «መቼ ነው የሚወጣው?» ሲሉኝ፣ «እናንተ ስታድጉ» ስላቸው ኖሬያለሁ። ስንቶቹ አድገው ሸበቱ። አሁን የተሞላው ከዚያ ይምጣ ከሌላ አገር አላውቅም፤ ግን እኔ ራሴ ጋዝ ላይ ተቀምጬ ልሄድ ነው።

ደረጀ መንገድ ላይ በመስተዋቱ እያየኝ አስረዳኝ። መንግሥት አንድ ሙከራ ጀምሯል። ሚኒባሱን ወደ ጋዝ ለሚያስቀይር ሰው የመቀየሪያውን ግማሽ ይሸፍንለታል፣ ጋዙንም በድጎማ ዋጋ ይሰጠዋል። በምትኩ የቤንዚን ድጎማው ይቆማል፤ ድጎማ ወይ በዚህ ነው ወይ በዚያ። ከመስመሩ ባለመኪኖች ሁሉ ቀድሞ የገባው ደረጀ ነው። ችግሩ አምቦ ጋዝ መሙያ የላትም። ከመስመሩ ሌላ አሥር ባለመኪና ከተመዘገበ ጋዝ የሚያመላልስ መኪና አምቦ ይመደባል። ካልተመዘገበ ሙከራው ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፣ ሲሊንደሩም ይነሣል።

«ቀነ ገደቡ መቼ ነው?» አልኩት።

«ዓርብ፣ ቢሮ ሳይዘጋ።»

«ስንት ሰው ፈረመ?»

«ገና ማንም» አለ። ምላሰኛ ሰው ባጭሩ ሲመልስ ያስፈራል። ቀጥሎ «ጋሼ፣ ካልሞላልኝ መኪናውን እሸጣለሁ። ቤንዚን በሙሉ ዋጋ እየቀዳሁ መሥራት አልችልም፤ ወደ ድሮው ድጎማ መልሱኝ ብዬ እስክመለስ ደግሞ ልጆቼ አይጠብቁኝም» አለ። ያኔ ነው ለዕረፍት እንዳልመጣሁ የገባኝ።

አዲስ ዓለም ስንደርስ ተሳፋሪ ለመጫን ቆምን። ኮልፌ ታክሲ ሲመጣ ተጋፍተን ነው የምንገባው፤ እዚህ ግን ሰው ገብቶ ፊት ፊቱን ይይዝና ኋላውን ሲያይ ይወርዳል። «ይኼ ጋዙ መኪና ነው አይደል?» ይላሉ። ደረጀ በሩን ይዞ ጮኸ፤ «ኸረ ግቡ! እኚህን አባት አታዩም? መምህር ናቸው፣ ይኼን ጋዝ ያስተማሩ ናቸው፣ ይኸው ላዩ ላይ ተቀምጠው!» ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔም ክራባቴን አየሁ። ለካስ ማስታወቂያ ነበርኩ!

ተናድጄ ልወርድ ነበር። ግን ሁለት ሴቶች «ታዲያ ሽማግሌው ምን ሆኑ?» ብለው ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ መውረዱ ነውር ሆነብኝ። እዚያው አዲስ ዓለም አንድ ባለመኪና፣ ይኼንኑ ሲያይ የቆመ፣ ወረቀቱ ላይ ፈረመ። አንድ።

ጊንጪ ልንደርስ ስንል ደግሞ ከመሐል ወንበር አንዲት ሴትዮ «ሸተተኝ! ጋዝ ሸተተኝ!» ብላ ጮኸች። ደረጀ መኪናውን አቆመ። የሰዉ አወራረድ! በመስኮት የወጣም አለ። እኔም ክራባቴን ረስቼ ቦይ ተሻግሬ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ደረጀ ሲሊንደሩን ዳሰሰ፣ አሸተተ፣ ምንም የለም። በመጨረሻ ሽታው የተገኘው ከዚያችው ከጮኸችው ሴትዮ ነው። ለምድጃዋ የገዛችውን ላምባ በትንሽ ጀሪካን ነጠላዋ ሥር ደብቃ፣ ክዳኑ ላልቶ ቀሚሷ ላይ እየፈሰሰ ነበር። «እሱማ የራሴ ነው፣ ምን ያደርጋል!» አለች፣ ደግሞ ተቆጥታ። የተቆለፈ ብረት ፈርተን ከተከፈተ ላምባ ጋር ተደላድለን እንደመጣን ሳስበው እስከ አምቦ ሳቅኩ። ጊንጪ ላይ ይኼን ወሬ ሰምተው የሳቁ ሁለት ባለመኪኖች ፈረሙ። ሦስት።

ያደርኩት ደረጀ ቤት ነው። ሚስቱ ቦንቱ የጤና ባለሙያ ናት፤ ንግግሯ ጥቂት፣ እጇ ፈጣን። እነሱ ጴንጤዎች ናቸው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እራት ሲቀርብ የስምንት ዓመቷ ልጃቸው ሶሬቲ ጸለየች፤ ጸሎቷ ውስጥ «የአባቢን ወረቀትም ሙላለት» የምትል ነበረችበት። ማንም አልሳቀም።

ረቡዕ

ጠዋት ጨጨብሳ ሲቀርብ ጭንቅ ያዘኝ። ረቡዕ ነው፣ ቅቤ አልበላም፤ እንዳልናገር አፈርኩ። ቦንቱ ሳህኔን ወደኔ ገፋ አድርጋ «የእርስዎ በዘይት ነው ጋሼ፤ መጥበሻውም ሌላ ነው» አለች። እኔ ኮልፌ የገዛ ልጄ ቤት ስሄድ እንኳ ይኼን የሚያስብልኝ የለም። ገለቶሚ ብዬ አመሰገንኳት፤ ኦሮምኛዬ እዚያ ላይ ያልቃል።

መናኸሪያ ሄድን። አምቦ ውስጥ የባጃጁ ብዛት እንደኛ ሰፈር ውሻ ነው፤ መንገድ ስሻገር ሁለት ጊዜ ክራባቴን ሊበጥሱት ነበር። ሾፌሮቹና ባለመኪኖቹ አንድ ጥላ ሥር ተሰብስበዋል። ብዙዎቹ ከቤንዚን ሰልፍ ወጥተው የመጡ ናቸው፤ የሰልፍ አያያዛቸው ሲገርመኝ ዋለ። አንዱ የአራት ሰው መኪና ይጠብቃል፣ ሦስቱ ሄደው ይበላሉ፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ተራው ሲደርስ ቤንዚኑ ያልቃል፤ ተሳስቀው እንደገና ይሰለፋሉ።

ደረጀ መሐል ገብቶ ንግግሩን ለቀቀው። አማርኛና ኦሮምኛውን እያቀላቀለ፣ «ጋዝ ትፈራላችሁ? እናንተ? ከመሬት እየፈላ የሚወጣ ጋዝ ስትጠጡ ያደጋችሁ የአምቦ ልጆች?» አለ። ሳቁ። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት አስተማሪ ነኝ፣ አልቻልኩም፤ «እሱ እንኳ ሌላ ጋዝ ነው። የውሃው አይነድም፣ ይኼኛው ይነዳል» አልኩ። ደረጀ እግሬን ረገጠኝ። ዘገየ።

ኦቦ ለሜሳ የሚባሉ (ኦቦ እንደኛ አቶ ነው)፣ መሪ ሲይዙ ያረጁ ሰውዬ ተነሡ። «መምህር፣ እርስዎ የማይዋሹ ይመስላሉ። አንድ ነገር ይንገሩኝ። ድጎማው የቀረ ዕለት ምን እንሆናለን?»

ሁሉም ወደኔ ዞረ። ደረጀ በዓይኑ ይለምነኛል። ምን ልበል? «ኦቦ ለሜሳ፣ ይቀራል» አልኩ። «መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ዘላለም የሚደጎም ነገር አላየሁም። የቤንዚኑም እየቀነሰ እንደመጣ እርስዎ ከኔ የበለጠ ያውቃሉ።»

ደረጀ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ልጁን ገደልኩት አልኩ ለራሴ። ኦቦ ለሜሳ ግን ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩና «እንግዲያ ሁለቱም የሚቀሩ ከሆነ፣ ሰልፍ የሌለበትን ይዤ ልቆይ። ዕድሜዬ በሰልፍ አልቋል» አሉ። እስክሪብቶ ጠየቁ። እሳቸው ሲፈርሙ አምስት ሰው ተከተላቸው። ዘጠኝ!

ደረጀ እየዘለለ አቀፈኝ። «ጋሼ፣ አንተ እኮ ጉድ ነህ! እንዲህ ማለትን ከየት አመጣኸው?» አለኝ። እውነት መናገሬን ብልሃት አድርጎ ቆጠረልኝ። አላረምኩትም።

ሐሙስ

የቀረው አንድ ፊርማ ነበር፤ የሚገኘውም ጎጆ ከምትባለው የደጋ ከተማ ነው አለ ደረጀ። እዚያ አዴ ወርቄ የሚባሉ እናት፣ የሁለት ሚኒባስ ባለቤት፣ አሉ። ጋዙ ስላነሰ ደረጀ ከመሪው አጠገብ ያለችውን ቁልፍ ተጭኖ ወደ ቤንዚን ቀየረው። «ለጋዝ ልናስፈርም በቤንዚን?» ስለው «ዝም በል ጋሼ» አለኝ።

የጎጆ መንገድ መንገድ አይደለም። ከዋናው አስፋልት ከታጠፍን በኋላ አስተማሪነቴ፣ ክራባቴ፣ አጥንቴ ሁሉ ተናወጠ። አንድ ጭቃ ላይ ቆመን ቀረን፤ ወርጄ ስገፋ ግራ ጫማዬ እዚያው ገባና ቀረ። ብንቆፍር ብንፈልግ የለም። ጎጆ የገባሁት በክራባትና በአንድ ጫማ ነው። ብርዱ ደግሞ! እኛ ሰፈር «ዛሬ በረደ» የምንለው ነገር እዚያ የሙቀት ቀን ነው።

አዴ ወርቄ እግሬን ሲያዩ አልሳቁም። ገብተው የሟች ባላቸውን ቦት ጫማ አመጡልኝ። ቀጥሎ ትኩስ የገብስ ገንፎ መጣ፤ ቀጥሎ ድንች በሚጥሚጣ። «ብሉ፣ ወሬው ይደርሳል» አሉን። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ድንች አልበላሁም። ኮልፌ የምንገዛው ድንች የዚህ ጥላው ነው።

ከበላን በኋላ ደረጀ ሁሉንም አስረዳ። በደንብ አስረዳ፣ ሳይቀልድ። አዴ ወርቄ ወረቀቱን ይዘው ዘጠኙን ስም አንድ ባንድ አነበቡ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «እርስዎ ስንት ቀን ተቀመጡበት?» አሉ።

«ይኸው ሦስተኛ ቀኔ ነው» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«አንተስ?» አሉት ደረጀን።

«እኔማ ሾፌር ነኝ አዴ፣ ፊት ነኝ።»

«ልጅህስ? ጋዙን ካስገባህ ወዲህ ልጅህ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታውቃለች?»

ደረጀ አንገቱን ወደ በሩ አዞረ። እኔም ያኔ ትዝ አለኝ። ማክሰኞ ማታ ሶሬቲ መኪናው ውስጥ ልትጫወት ስትገባ ወደ ፊት ወንበር ሲያሻግራት አይቼ ነበር፤ ፍቅር መስሎኝ ነው ያለፍኩት። አዴ ወርቄ ወረቀቱን አጥፈው መለሱለት። ቁጣ የለባቸውም። «የኔን መኪና የሚሳፈረው የሰው ልጅ ነው፣ ልጄ። ልጅህን ያላስቀመጥክበትን እኔ ለሰው አልሰጥም» አሉት። ቦት ጫማውን ላወልቅ ስል «ይሂዱበት፣ ብርድ ነው» አሉኝ።

ወደ አምቦ ተመለስን። እኔ ተቀይሜያለሁ፤ ለምን እደብቃለሁ? እኔን ሽማግሌውን ሦስት ቀን ሙሉ ያስቀመጠበት ቦታ ልጁን ለአንድ ደቂቃ አያስቀምጥም!

እራት ላይ አልቻልኩም፣ ለቦንቱ ተናገርኩ። እጇን ከገበታው አነሣች። «እውነት ነው?» አለችው።

«ወንበሩ ጠባብ ስለሆነ...» ጀመረ።

«ደረጀ!»

አንገቱን ደፋ። «እፈራለሁ» አለ። «ሲሊንደሩን የገጠመው መሐንዲስ ሺ ጊዜ አስረድቶኛል። ተመርምሯል፣ አይፈነዳም፣ አውቃለሁ። እሷን ሳይ ግን ማወቄ ይጠፋብኛል። ምን ላድርግ?» ቅያሜዬ እዚያው ላይ ሟሟ፤ አባት ነኝና።

ቦንቱ ግን አልሟሟችም። «የሰው ልጅ የሚቀመጥበት ላይ የኔ ልጅ የማትቀመጥ ከሆነ፣ ሲሊንደሩን ነገ ጠዋት አውርደው። አስመርምረህ አምነህበት ከሆነ ደግሞ ትቀመጣለች፣ እኔም አብሬያት። ከሁለት አንዱን ምረጥ» አለች። ተነሥታ ሳህን ማጠብ ጀመረች።

ዓርብ

ስነሣ ደረጀ መኪናውን ከፍቶ ሲሊንደሩን፣ ማሰሪያውን፣ ቱቦውን አንድ ባንድ እየዳሰሰ ነው። የሳሙና አረፋ እየቀባ ትንፋሽ ያወጣ እንደሆነ ያያል። ጨረሰና እንደገና ጀመረው። ሦስተኛ ሊጀምር ሲል ቦንቱ ሶሬቲን ይዛ ወጣች። የልጅቷ ትምህርት የከሰዓት ፈረቃ ነው። ቦንቱ የኋላውን ወንበር በጨርቅ ጠረገች፣ ሶሬቲን አስቀመጠች፣ ራሷ አጠገቧ ገባች። እኔ በቦት ጫማና በክራባት ሦስተኛ ሆንኩ።

«በቤንዚን እንሂድ፣ ጋዙ ትንሽ ነው» አለ ደረጀ።

«ይደርሳል?»

«መድረሱስ ይደርሳል...»

«እንግዲያ በጋዙ። ባዶ ሲሊንደር ላይማ ማንም ይቀመጣል።»

አነዳዱን ብታዩት! እንቁላል የጫነ ይመስላል። ዓይኑ ከመስተዋቱ አይነሣም፤ «ኸረ መንገዱን እይ!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። በጎጆ መንገድ ጉድጓድ መኪናው ሲዘል ሶሬቲ «እንደገና! እንደገና!» ትላለች፤ የአባቷ ሸሚዝ ደግሞ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። «ጋዙ የት ነው?» አለችኝ። «ከሥርሽ» አልኳት። ጎንበስ ብላ በእጇ ነካችው። «አይሞቅም እኮ» አለችና ረሳችው።

አዴ ወርቄ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ምንም ሳይሉ መጡ፣ በመስኮት አዩ። ቦንቱን አዩ፣ ልጅቷን አዩ። ከዚያ ወደ ደረጀ ሄደው «በምንድነው የመጣችሁት?» አሉ። ደረጀ የጋዙን መለኪያ በጣቱ አሳያቸው። አዴ ወርቄ ሶሬቲን ፈርታ እንደሆነ ጠየቋት። «መኪናውን አይደለም» አለች ልጅቷ፣ «አባቢን ነው። ዛሬ አያወራም።»

ወረቀቱን ተቀበሉ። የመኪናው ኮፈን ላይ ዘርግተው ስማቸውን ቀስ ብለው ጻፉ። አሥር። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «አምቦ ጉዳይ አለኝ» ብለው ወደ ኋላው ወንበር መጡ። «እርስዎ ፊት ይሂዱ፤ ጠጋ በይ ልጄ» አሉ። እንዲህ ነው እኔ ከማስታወቂያነት ሥራዬ የተሰናበትኩት።

አምቦ ስንገባ ቢሮው አልተዘጋም ነበር። ጸሐፊው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ፣ ማኅተም አድርጎ ፋይል ውስጥ ከተተው። የጋዝ ማመላለሻውን መምጫ ቀን ደውለን እንነግርሃለን አለው። ደረጀ «አመሰግናለሁ» ማለት እንኳ ረስቶ ወጣ።

ወደ መኪናው ስንመለስ አዴ ወርቄ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ ጥለው ተኝተዋል። ሶሬቲ ጭናቸው ላይ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ቦንቱ ወርዳ ሙዝ ልትገዛ ሄዳለች። ደረጀ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ብዙ አያቸው። ትምህርት ቤት ይረፍድባታል ልለው ነበር፣ ተውኩት።

ከዚያ እኔ ስገባ በሩን እንደ ልማዴ ልወረውረው ስል እጄን ያዘኝ። «ጋሼ፣ በሩን ቀስ» አለኝ። ሾፌር ሁሉ ይኼን ይላል፤ ለበሩ ብሎ ነው። ደረጀ ግን ወደ ተኙት እያየ በሹክሹክታ ነበር ያለው።